ያጠበብሽው ቀሚስ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሽልኛል እማዬ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ከስፌት መኪናው ስትነሺ ወገብሽ አሁንም ይይዝሻል? መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባትስ እህቴን ትጠሪያለሽ ወይስ ራስሽ ትወጪዋለሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። ናፍቆቱን ግን ምን ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም። መንገድ ላይ ያንቺን የመሰለ አካሄድ ባየሁ ቁጥር እግሬ ሳያማክረኝ ይከተላል። ባለፈው አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ ብትገላምጠኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ።

አጎቴ አሁንም «ሰው ባሕር ተሻግሮ አሻንጉሊት ያለብሳል» እያለ ይስቅብኛል አሉ። ይሳቅ፤ ውሸት አላለም። ልጆች በስልክ እየነካኩ ልብስ የሚቀያይሩላት የሥዕል አሻንጉሊት አለች፤ የእሷን ቀሚስና ካፖርት በኮምፒውተር የምቀባው እኔ ነኝ። ንድፉ ሲደርሰኝ ቀለሙ ዝርግ ነው፤ ከወረቀት ተቀዶ የተለጠፈ ይመስላል። እኔ ጥላውን አስገባለሁ፦ ከብብት ሥር፣ ከመቀነቱ በታች፣ ክንድ በሚታጠፍበት ቦታ። እጥፋቱ ጫፍ ላይ ደግሞ ብርሃን ጣል አደርጋለሁ። ያኔ ጨርቁ ይነሣና ውስጡ ሰው የገባበት ይመስላል። መጀመሪያ ሰሞን ጥላውን ሁሉ በጥቁር እየቀባሁ ቀሚሱን ጥቀርሻ አስመስዬው ነበር። አለቃችን፣ ኮስታራ ሴት ናት፣ ከኋላዬ ቆማ አየችና «ምነው፣ ከሰል ስትሸከም ነው እንዴ የዋለችው?» አለችኝ። የክፍሉ ሰው በሳቅ ፈነዳ። አሁን ለቢጫው ቡናማ፣ ለቀዩ ወይን ጠጅ እያልኩ ጥላውን ከራሱ ከቀለሙ ማውጣት ለምጃለሁ።

አንድ ነገር ግን እዚህ ማንም ሳያስተምረኝ ይዤው ነው የመጣሁት፦ ጨርቅ የራሱ ቅርጽ የለውም፤ የሚወድቀው ከሥሩ ያለው ገላ እንዳዘዘው ነው። ይህን ያየሁት አንቺ ዘንድ ነው። ስፒል በከንፈርሽ ይዘሽ ደንበኞችሽን ስትዞሪያቸው፣ «ትከሻዋ ወረድ ያለ ነው፣ እዚህ ጋ ይጎትታል» እያልሽ ለራስሽ ስታወሪ እሰማሽ ነበር። አንዳንድ ቀን የአሻንጉሊቷን ትከሻ እየቀባሁ ድምፅሽ ይመጣብኝና ሥራዬን አቁሜ አዳምጥሻለሁ።

እንግዲህ ዳር ዳር ማለቱ ይብቃኝና ወደ ነገሬ ልግባ። እህቴ ክረምቱ ሲገባ የላከችልኝን ፎቶ ታስታውሺያለሽ? ሰማያዊ አበባ ያለበትን ቀሚስሽን ለብሰሽ በር ላይ የቆምሽበትን። ደስ ብሎኝ አጉልቼ ሳየው ደነገጥኩ። ጥላው ከትከሻሽ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ደረትሽ ላይ አያርፍም፣ ዳሌሽ ላይ አይዞርም። እንደዚያ ሲወድቅ ያየሁት መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ልብስ ብቻ ነው። ደውዬ ብጠይቅሽ «ፎቶው ነው ያከሳኝ፣ አንተ ደግሞ!» ብለሽ አሳቅሽኝ። እህቴም «ደህና ናት» አለችና ወሬ ቀየረች።

ከዚያ ሁለተኛው ፎቶ መጣ። ያው ቀሚስ፣ ያው በር፤ ቀሚሱ ግን ልክክ ብሎብሻል። እሰይ፣ አገግማለች ብዬ እፎይ አልኩ። በማግስቱ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ነገር ከነከነኝና ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። በመጀመሪያው ላይ ብብትሽ ሥር ሙሉ የነበረው አበባ፣ በሁለተኛው ግማሹ ስፌት ውስጥ ገብቷል። እማዬ፣ ቀሚሱን አጠበብሽው። በዚያ በደከመ ገላሽ ልጅሽን ለማታለል ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጥሽ። እጅሽማ እጅ ነው፤ ከእኔ በቀር ማንም አይነቃብሽም ነበር። ሳቄ መጣ፤ ሳልጨርሰው እንባዬ ቀደመኝ። ያቺ ኮስታራ አለቃችን እንኳ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

አልተቆጣሁሽም። እንዳልጨነቅ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እኔ አንቺን የማይሽ በፎቶ ብቻ ነው፤ እሱንም ከሰፋሽብኝ ምን ቀረኝ? ምን እንዳመመሽ፣ ሐኪም አይቶሽ ከሆነም ምን እንዳለሽ ከአፍሽ መስማት እፈልጋለሁ። ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ ብዙም ሳይቆይ እኔም እደርሳለሁ።

እህቴን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ስለ «ደህና ናት» ግን ስመጣ እንተሳሰባለን በያት። አጎቴን አሻንጉሊት አልባሹ እጅ ነሥቷል በይልኝ። ጎረቤታችንን አናጢውን ከነባለቤቱ፣ ከነልጆቻቸው ሰላም በይልኝ። የአንቺን ሰላምታ ግን ራሴ ይዤው እመጣለሁ። አደራሽን፣ ለእኔ ብለሽ ለማማር አትድከሚ። ስፌቱን ፍቺውና የሰፋሽን ቀሚስ ለብሰሽ ጠብቂኝ፤ ምን ያህል እንደቀረሽልኝ በገዛ ክንዴ አቅፌ ልወቀው።

ናፋቂው ልጅሽ

ከተከራየኋት ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ጥቅምት ፲፱ ቀን