የመምህር ኡመር ዘጠኝ ምዕራፎች

ሰኞ

ጠፋ። ዘጠኙም ምዕራፍ። ከጠዋት ጀምሬ የሚነበብ አንድ ገጽ ፈልጌ አጣሁ።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። የትምህርት ቢሯችን መመሪያ በጋራ የኢንተርኔት ማኅደራችን ያሉ የማስተማሪያ ጽሑፎች ሁሉ አንድ መልክ ይያዙ ይላል። አንድ ፎንት፣ አንድ የርእስ መጠን፣ የአማርኛ ሥርዓተ ነጥብ፣ ከእያንዳንዱ አንድ ቅጂ ብቻ። ዓርብ ዕለት ለመገላገል ስሮጥ የመጨረሻው የመምህር ኡመር የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ነበር። ሁሉንም መረጥኩ፣ ፎንቱን ቀየርኩ፣ ኮማውንም ሌላውንም የእንግሊዝኛ ሥርዓተ ነጥብ በሙሉ በነጠላ ሰረዝ ተካሁ፣ አሮጌውን ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ቆሻሻ መጣያ ሳይቀር አጠፋሁ። መልሼ እንኳ አላየሁትም።

እሱ የጻፈው በድሮው የግዕዝ ፎንት ነው። ያ ፎንት የእንግሊዝኛ ምልክት ላይ የአማርኛ መልክ የሚያለብስ ነበር። እኔ ልብሱን ገፈፍኩት። ኮማና ነጥብ የመሰለኝም ሁሉ በዚያ ፎንት ፊደል ኖሯል፤ አሁን ሁሉም ነጠላ ሰረዝ ስለሆነ የቱ የቱ እንደነበር አይለይም። ወደ ድሮው ፎንት ስመልሰው ዝባዝንኬ ሆኖ ቀረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ እናቴ ስንቴ ነግራኛለች።

ማክሰኞ

መብራት የለም። የሰመራ ሙቀት ያለ ማራገቢያ ሰው ያሳብዳል።

አለቃዬ አቶ ግርማ፣ “ተጠናቀቀ?” አለኝ። “ትንሽ ቀርቶኛል” አልኩት። ትንሽ!

መምህር ኡመር የሚያስተምርበት አፋምቦ ደውዬ ሌላ ቅጂ እንዳለ መጠየቅ ነበረብኝ። አልደወልኩም። ወሬው እሱ ጋ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። እሱ ኩላሊቱን ታሞ ዱብቲ ሆስፒታል ከተኛ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ነገ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ።

ረቡዕ

አልነገርኩትም።

በሚኒባስ ዱብቲ ደረስኩ። ከስቷል፣ እግሩ አብጧል። ሚስቱ ፋጡማ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝ። ገና ሳልረጋጋ ዳጉ ጠየቀኝ። አፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነጋገራል፤ ውሃው የት እንዳለ፣ በሽታው የት እንደገባ የሚታወቀው በዚህ ነው። ስድስት ዓመት እዚህ ኖሬ ይህን አላውቅም ማለት አልችልም።

“ምን አየሽ? ምን ሰማሽ? መጽሐፌስ?” አለ።

“ደህና ነው። አምሮበታል” አልኩት።

“አልሐምዱሊላህ” አለና ዐይኑን ጨፈነ። ራሴን ጠላሁት።

ሐሙስ

ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ፎንቱን፣ ኮማውን፣ ማጥፋቴን።

አልጮኸም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

“ትናንትም ታውቂ ነበር?”

“አዎ መምህር።”

“ፋይል ይጠፋል፣ ሰውም ይጠፋል። እኔ ግን ዳጉ ጠየቅኩሽ። አንቺ ስትወጪ የአፋምቦ መምህራን ሊጠይቁኝ መጡ። መጽሐፉ ደህና ነው፣ አምሮ ይመጣል አልኳቸው። ምስጥ የበላውን የወረቀት ቅጂ ጣሉት አልኳቸው። ውሸትሽን በእኔ አፍ ላክሽው።”

ወረቀት መኖሩን አላውቅም ነበር። ስልኬን አውጥቼ አፋምቦ ደወልኩ። ርእሰ መምህሩ ደስ ብሎት ነው ያነሳው። ወረቀቱን ጠዋት ከሌላው ቆሻሻ ጋር አቃጥለውታል።

ለመምህር ኡመር ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፋጡማ በእጇ ሂጂ አለችኝ።

ዓርብ

ለአቶ ግርማ ነገርኩት። “የመመሪያው ጥፋት አይደለም” ነው መጀመሪያ ያለው። ከዚያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍብኛል አለ። ይጻፍ። የክልሉ ፈተና ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። የአፋምቦ ልጆች በምን ያጥኑ? ስለ አዋሽ ወንዝና ስለ አቤ ሐይቅ ጨው በራሳቸው አገር ምሳሌ የሚያስረዳቸው ሌላ መጽሐፍ የለም።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ፋጡማ ደወለች። “ኮምፒዩተርሽን ይዘሽ ነይ ብሏል። ነገ።”

ቅዳሜ

መምህር ኡመር በቃሉ እየነገረኝ ስጽፍ ዋልኩ። አላለቀም እንጂ ተአምር ነው፤ ከነምሳሌው፣ ከነጥያቄው ያስታውሰዋል። ስንት ግመል፣ የትኛው ጉድጓድ፣ ሁሉም በቦታው።

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መልሼ እንዳነብለት ያደርገኛል። “አንብቢ” ይላል። አነባለሁ። “ልክ ነው” ይላል፣ ቀጣዩን ይነግረኛል። በፊት እንዲህ አያደርግም ነበር፤ ያምነኝ ነበር። አልከፋኝም ብል ሌላ ውሸት ነው።

በየመሀሉ ያስመልሰዋል። ፋጡማ ይበቃል ስትለው፣ “ለእሷ አይደለም፣ ለልጆቹ ነው” አላት። ሦስት ምዕራፍ ጨረስን። አራተኛው አጋማሽ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ በማለዳ ዱብቲ ነበርኩ። አልጋው ባዶ ነው። ነርሷ ስታየኝ፣ “አልሞተም፣ አልሞተም” አለች። ሌሊት ብሶበት በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ልከውታል፣ ኩላሊቱ በማሽን እንዲታጠብ።

ከሰዓት በኋላ ፋጡማ ከአዋሽ ከተማ ደወለች። ሾፌሩ ነዳጅ ሊቀዳ ቆሞ ነው። “ይተነፍሳል” አለችኝ። “ግን ከገዋኔ ወዲህ አልተናገረም። ስጠራውም አይሰማኝም።” አይዞሽ ማለት አቃተኝ። እሷ ናት አይዞሽ ያለችኝ።

ቢሮ ገብቼ ሦስት ተኩሉን ምዕራፍ ማኅደሩ ላይ ጫንኩ። ርእሱንም አጻጻፉንም መመሪያው እንደሚለው ሳይሆን እሱ እንዳለው ተውኩት። አራተኛው የሚቆምበት ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ “ከዚህ በኋላ ያለው ነበረ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱም የተቃጠለው መምህር ኡመርን ስለዋሸሁት ነው።” ስሜን ከነአባቴ ከሥሩ አኖርኩና ለሁሉም ትምህርት ቤት ላክሁት።