ኤሊዋ የቆፈረችው ጥግ

ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለቀድሞ ባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሃል? ክረምት በመጣ ቁጥር አላስቀምጥ ይልህ የነበረው የወገብህ ሕመም ወልድያ ከሄድህ ወዲህ ተሻለህ ወይ? እኔ አምላክ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ። እናትህ እማማ ባንችይርጋም ከዓይናቸው መፍዘዝ በቀር ደህና ናቸው። ኤሊዋም ደህና ናት። በጥቅምት በላክህልኝ ደብዳቤ ከእናትህ ጤና አስቀድመህ የጠየቅኸው ስለ እርሷ ነውና እኔም ከእርሷ ልጀምር።

እኔ ስመለስ ኤሊዋ ልትሞት ደርሳ ነበር። አንተ ካስወጣኸኝ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ሙጃ ወንድሜ አለሜ ቤት ተጠግቼ እንደከረምሁ ሰምተሃል። ወንድሜ ክፉ ቃል አልወጣውም። ሚስቱ ግን እኔ ወደ ጓዳ በገባሁ ቁጥር ጉትቻዋን ከመስኮቱ ላይ አንስታ በመቀነቷ ትቋጥር ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሌባ አላለችኝም። ያቺ የመቀነት ቋጠሮ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ባለፈው ግንቦት ጎረቤታችን አመተ ጊዮርጊስ ሙጃ ለገበያ መጥታ የእናትህን መልእክት ነገረችኝ። "ዓይኔ አላይ ብሎኛል፣ ልጄም ጥሎኝ ሄዷል። ኤሊዋ እህል ውኃ እምቢ ካለች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። እሷን እንኳ አድኚልኝ በዪልኝ" ብለዋል አለችኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ የተነሣሁት ለኤሊዋ አዝኜ አልነበረም። የአንገት የብር ድሪያቸው ከሳጥን የጠፋ ጊዜ፣ "ቁልፉ በእርሷ እጅ ነበር" ብለው በሽማግሎች ፊት የመሰከሩብኝ እናትህ ናቸው። ያን ቃል የተናገሩበትን ፊት አንድ ጊዜ ትክ ብዬ አይቼ፣ የሆዴን ተናግሬ ልመለስ ነበር። ስደርስ ግን እማማ ማን መሆኔን ለማወቅ ጉንጬን በእጃቸው ይዳብሱ ጀመር። ስንቅ አድርጌ የያዝሁት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ።

ኤሊዋን ከአልጋ ሥር አወጣኋት። ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል፣ አፍንጫዋ ይንጠባጠባል። እማማ ሳያውቁ እንጀራ በወጥ እያሉ ሲሰጧት ከርመዋል። ለኤሊ እንጀራ አይሆናትም ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬህ ነበር! ለብ ያለ ውኃ በገበቴ አድርጌ፣ እስከ አገጯ እየነከርሁ፣ ጧት ጧት ፀሐይ አሞቃት ገባሁ። ዓይኗን በጥጥ አጠብሁላት። በአምስተኛው ቀን የጎመን ቅጠል ጫፍ ነከሰች፤ እማማ የመንከሷን ድምፅ ሰምተው እልል አሉ። ከዚያ ወዲያ ለምለም ሣር፣ የዱባ ቅጠል፣ እሾሁ የተላጠ በለስ እያቀረብሁ፣ ለጀርባ ድንጋይዋ እንዲበጃት የእንቁላል ቅርፊት ወቅጬ እየነሰነስሁላት አዳንኋት። የላስታ ብርድ ለቆላ ፍጥረት አይመችምና ሲመሽ ጭድ በሞላ ሣጥን አስገባታለሁ። ከተከዜ በረሃ በመኪናህ ጭነህ ያመጣሃት ዕለት "ልጅ ካልወለድሽ ይችን አሳድጊ" ብለህ በእንግዳ ፊት ስቀህብኝ ነበር። ይኸው አሳደግኋት።

የጥቅምቱ ደብዳቤህ የደረሰኝ በዚህ መካከል ነው። ሌባ ብለህ ያባረርሃትን ሴት "ስለ እናቴ እግዜር ይስጥልኝ" ማለትህ ገረመኝ። ይበልጥ የገረመኝ ግን ከታች ያለው ነው። "ኤሊዋን ከምሥራቁ የግንብ ጥግ አርቂያት፤ እርጥበት ስላለው ያሳምማታል" ብለሃል። በግቢያችን ፀሐይ ከጧት ጀምሮ የሚያርፈው እዚያ ጥግ ነው፤ እኔም ቃሪያዬን የማደርቀው እዚያ ነው። ቢሆንም ያንተ ነገር ነው ብዬ በኮሽም እሾህ አጠርሁት። ትእዛዝህን ፈጸምሁ፤ በዚህ አትከሰኝም።

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን ኤሊዋ ምግቧን ትታ ግቢውን ትዞር ጀመር። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነች። በሦስተኛው ቀን እሾሁን በድንጋይዋ ገፍታ ገባችና ጥጉ ላይ ሽንቷን ለቀቀች፣ አፈሩን አራሰችው፣ በኋለኛ እግሮቿም ትቆፍር ጀመር። እንቁላል ልትጥል መሆኑ ገብቶኝ አጠገቧ ቁጭ አልሁ። አንዱን እግር ታወጣለች፣ ሌላውን ትሰዳለች፤ ሰው እንኳ እንዲያ ተጠንቅቆ አይቆፍርም። ቀትር ላይ ጥፍሯ ቆርቆሮን ሲፍቅ ሰማሁ። ወደ ጎን አንሥቻት በእጄ ቆፈርሁ። የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ አፉ በመኪና ጎማ ላስቲክ ታስሯል። ላስቲኩን ያወቅሁት ገና ሳልፈታው ነው። አንተ የምታስረውን ቋጠሮ የማላውቅ ይመስልሃል?

ድሪውን ሳየው አለቀስሁ ብልህ ደስ ይልህ ይሆናል። አላለቀስሁም። ሳቅሁ። ንጹሕ መሆኔ ስለ ታወቀ ብቻ መስሎህ እንዳትጽናና፤ አንተ እጄ ስለ ገባህ ነው የሳቅሁት። ለኤሊዋ ጉድጓዱን አስተካከልሁላት፣ ስምንት እንቁላል ጣለች፣ አፈሯን መልሳ ደፈነች። እኔ ወደ ቤት ገባሁና ድሪውን በእማማ ጭን ላይ አኖርሁት።

ዛላውን በጣታቸው እየቆጠሩ ሄዱ። አያትህ በመዳብ ያስጠገኑት ቀለበት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "የት አገኘሽው?" አሉኝ። ነገርኋቸው። የጣሳውን ላስቲክ አቀብዪኝ ብለው ዳበሱት። የማን እንደሆነ በጣታቸው አወቁ። ከዚያ "ለማንም እንዳትናገሪ። ኅዳር ጽዮን ማኅበሬ ነው" አሉኝ።

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን እንዳትቀሩ ተብለው አምስቱም ሽማግሎች መጡ። ያለ ድርሻዬ እንድወጣ የፈረዱብኝ መሪጌታ ሰውአገኝም ከአምስቱ አንዱ ናቸው። እማማ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ድሪውን በአንገታቸው አድርገው ከመደቡ ላይ ተቀምጠዋል። መሪጌታ ጸሎቱን ጀምረው ዓይናቸው ድሪው ላይ ሲያርፍ ጸሎቱን አቋረጡ። እናትህ እንዲህ አሉ፦ "መሪጌታ፣ ይህን ያገኘችልኝ ኤሊ ናት። የሰረቀኝ የወለድሁት ነው። ሌባ ያልናት ልጅ ደግሞ እኔን ዕውሯን ታጥባለች። እኔም መስክሬባታለሁ፤ ከእናንተ ጋር ነኝ።"

መሪጌታ ወጡና ከግቢው ድንጋይ አንሥተው በማጅራታቸው ተሸክመው ተመለሱ። አራቱም ተከተሏቸው። እማማም ተነሥተው በእጃቸው እየፈለጉ የወፍጮዬን መጅ አነሡ። የእሳቸውን ወዲያው ተቀብዬ አወረድሁላቸው። የአምስቱን ግን ይውረድ ለማለት አልቸኮልሁም። ማኅበርተኛው ሁሉ ያየኛል። መሪጌታ በድንጋዩ ክብደት ጎንበስ ሲሉ አየሁ፤ ዓመት ከመንፈቄን አሰብሁ፤ ትንሽ ቆዩ። ኃጢአት ከሆነ ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ። ለአንተም የጻፍሁት እንድታውቀው ነው።

ካሣ ምን ትፈልጊያለሽ አሉኝ። ሌባ ናት ብሎ የፈረደ አፍ አይደለችም ብሎ ይመስክርልኝ አልሁ። መጀመሪያ ሙጃ ሄደው በወንድሜ ሚስት ፊት ተናገሩ። ቀጥለው የት እንደሄዱ አልነገሩህም መሰለኝ። ለጥር ሠርግ የጠየቅሃት የማኅሌት አባት፣ አቶ ገብረመስቀል፣ ወልድያ ቤታቸው ተቀብለው አስተናገዷቸው። "ልጁ ለሙሽራዋ የአያቱን ድሪ አመጣላታለሁ ብሎ ነበር" አሏቸው። ለምን ሳትሸጠው እንዳኖርኸው ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ቁልፉን ከያዝሁት ሳጥን ወስደህ በእሷ አንገት ልታስረው ነበር።

ልጅቱን አልጠላኋትም። እሷም ነገ ቁልፍ ትይዛለች፤ እሷም ነገ ሌባ ትባል ነበር።

አቶ ገብረመስቀል የሰሙትን በዓይናቸው ለማየት ትናንት በመኪና መጡ። ጥጉን አዩ፣ ጣሳውን አገላብጠው አዩ፣ ከእማማ ጋር ለብቻቸው ተነጋገሩ። እህል አልቀመሱም። ዛሬ ሊመለሱ ሲነሡ "ለእሱ የምትጽፊለት ነገር አለሽ?" አሉኝ። አለኝ አልኋቸው። "ጻፊ፣ እጠብቃለሁ። በእጄ ነው የምሰጠው" አሉ። ይኸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነው። መነጽራቸው በደረት ኪሳቸው አለ።

እንግዲህ እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው፤ የሠራኸውን ሁሉ ለማስታወስ የሚበቃ ዕድሜ ይስጥህ። ወገብህን ይማርልህ። በሄድህበት አገር ሁሉ ስምህ ቀድሞህ ይግባ። እማማ ምርቃት ላኪልኝ አላሉም፤ እኔም ከራሴ አልጨምርም።

ፖስታውን አላሸግሁትም።

የእናትህ ልጅ