እግሬን ከሳፋው አወጣሁት

ሶሬትዬ፣

ፖስት ካርዱ ፊት ላይ አዲስ አበባ አምሮባታል፤ ጀርባው ላይ የምታነቢው ግን ንዴቴን ነው። ነገረ መለኮት አብራኝ የምትማረው የዶርም ጓደኛዬ ፌኔት፣ ለክፍል የጻፍኩትን ስብከት ወስዳ ባለፈው ሰንበት ሀና ማርያም ሰፈር ባለችው አድቬንቲስት ጸሎት ቤታችን እንደ ራሷ ሰበከችው። አባትሽን ገጭቶ ለገደለው ሹፌር እናትሽ እስር ቤት ድረስ ስንቅ ያመላለሱበትን ታሪክ ነው የምልሽ! «እናቴ» እያለች! መምህራችን ሳይቀሩ እንባቸውን ጠረጉ።

ዛሬ ደግሞ ከጌታ እራት በፊት፣ እንደ ሥርዓታችን ይቅር ለመባባል እግር ስንተጣጠብ ሳፋ ይዛ መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። እግሬን ውሃው ውስጥ ከታ፣ «በቃ፣ ይቅር ተባባልን አይደል?» አትለኝም? ስለ ምኑ እንደሆነ አንድ ቃል ሳትተነፍስ! እኛ አገር ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው መጀመሪያ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል። እሷ ለብ ያለ ውሃ የሚበቃ መሰላት። «መጀመሪያ የማንን እናት እንደሰረቅሽ ተናገሪ!» ብዬ እግሬን ከሳፋው አወጣሁት። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አፈጠጡብኝ።

ቀና ብላ፣ «አንቺስ ስትጽፊው ጓደኛሽን አስፈቅደሻል?» አለችኝ።

አላስፈቀድኩሽም፣ ሶሬቲ። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ይኼ ነው።

ቦታ አለቀብኝ። ወንድሞችሽን ሳሚልኝ። ለክረምት ስመጣ ሳፋውን አቅርቢልኝ፤ ጥፋቴን ለአንቺም ለእናትሽም በአፌ እናገራለሁ። ከልባችሁ ይቅር ካላላችሁኝ ግን እግራችሁን እንዳትሰጡኝ።

ሌንሳ፣ ከላፍቶ