ጳጉሜን የት ልጣላት?

ሕዝቅያስ፣
ማታቱው ሚኒባስ ታች ጡሩምባውን እያስጮኸ ስለሆነ በአጭሩ።

ምስሩ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ።

ቴሌቪዥኑ ላይ አቁመኸው የሄድከውን የጥያቄና መልስ ጌም ነካክቼዋለሁ። ልትጨርሰው አንድ ጥያቄ ቀርቶህ ነበር። አሁን ከመጀመሪያው ትጀምራለህ።

ጥያቄው «በዓመት ውስጥ ስንት ወር አለ?» ይላል። አሥራ ሦስት አልኩ። ጳጉሜን የት ልጣላት? ደግሞ ምርጫው ውስጥ አስገብተውታል። አቅራቢው ሳቀብኝ፤ ልክ እሁድ ዕለት ሰው ፊት በእንግሊዝኛዬ እንደሳቅክብኝ።

«ለጓደኛ ደውል» የሚለው ዕድል አልተነካም ነበር። ከእሁድ ጀምሮ ስላልተነጋገርን ለማን እንደምደውል ቸገረኝ።

ይቅርታ፣ ለጌሙ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እገባለሁ። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ።

ባንታየሁ