የዶክተር አሰግድ ወልደጻድቅ የሕይወት ታሪክና ሳያርሟት የቀረችው ቁጥር

ዶክተር አሰግድ ወልደጻድቅ ከአባታቸው ከባላምባራስ ወልደጻድቅ ይርሳውና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጣሽ ገብረ መድህን በመስከረም ወር 1933 ዓ.ም. በአርሲ፣ ዲክሲስ ተወለዱ። በአሰላና በአዲስ አበባ ተምረው በ1957 ዓ.ም. ለፊዚክስ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ተላኩ።

ሥራቸውን ለእናታቸው ሳይቀር ያስረዱ ነበር። የአቶም እምብርት ሲመታ ይቆጣል፤ ወዲያው ጨረር ለቆ ይበርዳል። ጋሼ አሰግድ የተመታው እምብርት ከስስ ብረት ተፈናጥሮ እስኪቆም የሚሄደውን ርቀት ለክተው የዚያን ቁጣ ዕድሜ ያሰሉ ነበር፤ ሰከንድ ለሚሊዮን ተከፍላ ቁራጯ ዳግም ለሚሊዮን የምትከፈል ያህል። የእኛ ቁጣ እንዲህ ቶሎ አይበርድም።

ውጤታቸውን በ1966 ዓ.ም. አሳትመው በማግሥቱ ዓመት አገሬ ብለው ተመለሱ። በአሰላ እያስተማሩ ወይዘሮ የሺሃረግ በዛብህን አግብተው ሁለት ልጆች አፈሩ።

በ1971 ዓ.ም. ምድጃ ላይ የቆርቆሮ ክዳን በሙቀት ሲጎብጥ አዩና ምሳቸውን ትተው ተነሡ። ያ የሙከራቸው ስስ ብረትም ሲሞቅ ወደ ፊት ጎብጦ ኖሯል፤ ርቀቱ ካሰቡት አጥሯል፤ ያሳተሙት ዕድሜ ከእውነቱ ረዝሟል። ማንም አላወቀባቸውም። እሳቸው ግን ሳይደርቅ በእርጥቡ ብለው በዚያው ሳምንት የእርማት ደብዳቤ ጻፉ።

ወደ ውጭ የሚላክ ጽሑፍ በመሥሪያ ቤት ያልፍ ነበርና ደብዳቤው አንድ ኃላፊ ዘንድ ቀረ። «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ምሁር ተሳሳትኩ ብሎ ለኢምፔሪያሊስት አይጽፍም» አለ። በሰው እጅ እንዳይልኩት የልጆቻቸው ነገር አሳሰባቸው። ይኸው ሰው በየሐሙሱ የውይይት ክበብ ጋሼን አስቁሞ ላልሠሩት ጥፋት ግለ ሂስ ያስደርጋቸው ነበር። ያላጠፉትን ሲናዘዙ ተጨበጨበላቸው፤ ያጠፉትን እንዳያርሙ አሥራ አንድ ዓመት ተከለከሉ። ያ ኃላፊ ዛሬ ለቀብራቸው የአበባ ጉንጉን ይዞ ከመካከላችን ቆሟል። ይስማ።

በጉበት ሕመም በተኙ ጊዜ ይህን የጻፈችውን እህታቸውን ጠርተው፣ «ተናኙ፣ ሰው ያቺን ቁጥር አምኖ እየሠራባት ነው» አሏት። ጥቅምት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. በ49 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺሃረግ፣ ልጆቻቸው አፀደና ገብረ መድህን፣ እህታቸው ተናኘወርቅ አሉ።

ይህ ጽሑፍ አስቀድሞ ለቀበሌ ይታይ ተብሎ ነበር፤ አልታየም። የጋሼን ደብዳቤ የሚያትም ሌላ ስፍራ ስላጣን እዚህ አተምነው፦

«በ1966 ያሳተምኩት ዕድሜ ከእውነተኛው ይረዝማል። ስሕተቱ የእኔ ነው። አትመኑበት። አሰግድ ወልደጻድቅ።»

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን፣ እውነት ለመናገር ፈቃድ በማይጠየቅበት ስፍራ ያሳርፍልን።