ቁልፍ እስከ ግማሽ ብቻ ለሚዞርበት የምርመራ አዳራሽ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በአዳራሽዎ የሚያገለግሉት መርማሪዎችም በፈጣሪ ቸርነት በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ለእርሱ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነኝ። መኪናዬም ደህና ናት፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው የእርሷ ደህንነት ነው።

ሚስቴን የቀበርኩ፣ ትምህርቴንም ከስምንተኛ ክፍል ያላሳለፍኩ ሰው ነኝ። ሚስቴ አደራ ብላ የተወችልኝ እናቷን ነው። አማቴ በሳምንት ሁለት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ይመላለሳሉ። የዘንድሮው ቦሎ እስካልተለጠፈ ድረስ መኪናዬ ሰው ይዛ መንገድ መውጣት ስለማትችል፣ የታክሲ ደረጃ በሁለት ሰው ተደግፈው ይወጣሉ፤ ከእጥበት መልስ ደግሞ እግራቸው ጭራሽ አይታዘዝም። ስለዚህ ቅሬታዎቼን ከምስጋና ጋር በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በመጀመሪያው ምርመራ የጣላችሁኝ በሚገባ ስለሆነ አመሰግናለሁ። ሞተር ሲታመም የሚያስጠነቅቀው የቼክ ኢንጂን መብራቴ ሞተሩ ተነስቶም አልጠፋ ብሎ ነበር። የሰፈራችን ጋራዦች በአንድ ድምፅ ያዘዙልኝ መድኃኒት አምፖሉን መንቀል ነው፤ «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ እንደዚያ አድርጎ አይደል እንዴ የሚያልፈው» አሉኝ። እኔ ግን ነገሩ በሽተኛ እንዳያቃስት አፉን እንደ መለጎም ስለመሰለኝ አንዲት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄድኩ። እሷም ሞተሩን በመሣሪያ አንብባ አንድም እንከን ስታጣበት፣ መብራቱን የሚያዘውን የሞተሩን ኮምፒውተር ሶኬት ነቀለችው። መብራቱ ያኔም አልጠፋም። «አዛዡ ተነቅሎም ከበራ፣ መሐል ላይ ሌላ አዛዥ አለ ማለት ነው» ብላ ሽቦውን ተከትላ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባች። ከመሪው ዘንግ አጠገብ ልባሱ ተልጦ ከቦዲው ብረት ጋር ሲነካካ አገኘችው፤ በአዲስ ሽቦ ቀጥላ፣ በናስትሮ ጠቅልላ፣ ከብረቱ አርቃ አሰረችው። አሁን ቁልፉ ሲከፈት መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። የጤነኛ መኪና ወጉ ይህ ነው፤ ሞተሩ ሳይነሳ ካልበራማ አምፖሉ በሕይወት መኖሩን በምን እናውቃለን?

ሁለተኛ፣ የዳነችውን መኪና ይዤ ስመለስ መርማሪዎ ቁልፉን እስከ ግማሽ አዙረው «አባቴ፣ ይኸው በርቷል፤ ወድቃለች» አሉኝ። ሞተሩን እንዲያስነሱት ብለምናቸው፣ «በአዳራሹ ውስጥ ሞተር ማስነሳት ክልክል ነው» የሚለውን የግድግዳ ጽሑፍ በጣታቸው አሳዩኝ። ምክንያቱ ጭስ መሆኑን ስረዳ፣ ለሳንባችን በመታሰቡ ልቤ ተነካ። መኪኖቹ ሁሉ በሰው ተገፍተው ገብተው በሰው ተገፍተው የሚወጡት ለካ ለዚህ ነው። ከእኔ ቀጥሎ የገባው ጎረቤቴ አምፖሉን ከነቀለ ቆይቷል፤ መርማሪዎ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «መኪና ማለት እንዲህ ነው» ብለው ቦሎውን ሰጡት። በአዳራሽዎ መብራቱ የሚሠራ ይወድቃል፣ የሞተበት ያልፋል። ሥርዓቱ ቀላል በመሆኑ እንደ እኔ ላለ ያልተማረ ሰው አይከብድም።

ሦስተኛው ቅሬታ በእናንተ ላይ አይደለም። በቀደም ታክሲ ስንጠብቅ አማቴ በምርኩዛቸው ተደግፈው «ልጄ፣ ለአንዲት አምፖል ብለህ እኔን አታጥፋኝ» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ ለጸሎት በቆምኩ ቁጥር የተሟገትኩት ለእውነት ነው ወይስ ለእልሄ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። የሰው እናት መንገድ ላይ አቁሞ መመጻደቅ ጽድቅ እንዳልሆነ ለመረዳት ግን ስምንተኛ ክፍልም ይበቃል።

ስለሆነም በሚቀጥለው ቀጠሮዬ መርማሪዎ ከአዳራሹ በር ውጭ፣ ነፋስ ባለበት፣ የቁልፉን ቀሪ ግማሽ እንዲያዞሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ይህ ከሥልጣንዎ በላይ ከሆነ አይጨነቁ፤ ካቻቢቴ ይዤ እመጣለሁ። በታክሲ የሚመጡት አማቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ መርማሪዎ ቆመው እያዩ፣ ዳሽቦርዱን ፈትቼ ደህናውን አምፖል በገዛ እጄ ነቅዬ በመርማሪዎ መዳፍ ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ እሳቸውም መኪናዬን ያሳልፉልኛል። በድብቅ አላደርገውም። ከዚያ አማቴን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል እወስዳለሁ። አምፖሉ በእናንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ በመንገድ ላይ ሞተሬ ቢታመም እንግዲህ የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ።

የሥራ ዘመንዎ ረጅምና ከማስጠንቀቂያ ሁሉ የራቀ እንዲሆን ከልብ የምመኝልዎ፣ በጸሎቴም የማልዘነጋዎት፣

ሁለት ጊዜ ወድቆ አንዴ ብቻ ጥፋተኛ የነበረው ታዛዥ ተመርማሪዎ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ላደርስ ስመጣ የጣቢያዎ የመስክ መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ፣ እንፋሎቷ እየተንቦለቦለ መንገድ ዳር ቆማ አገኘኋት። ሾፌሩ ራሱን ይዞ «ኧረ አንድም መብራት አልበራም» ሲል፣ ቦሎዋ ገና አዲስ መሆኑን አይቼ አጽናናሁት፤ በእናንተ ምርመራ እንደማትወድቅም አረጋገጥኩለት።