በሩን ያንኳኳው ሰውዬ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ጉልበቴን በሙቅ ውሃ አሸሁት። አሁንም አብጧል። ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ትናንት መታጠቢያ ቤት ወደቅኩ። መነሳት አቃተኝ። ሲሚንቶው ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተጋደምኩ። የውጭው በር እንደ ወትሮው ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንድ ሰው አንኳኳ። ደጋግሞ አንኳኳ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ልክ ድሮ እንዳየሁት ፊልም! ኋላ እየዳኽኩ አልጋዬ ጋ ደረስኩ።

ለልጄ ለሰናይት አልነግራትም። ከሰማች ቤቱን ዘግታ ትወስደኛለች። ከቤቴ የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው። አለቀ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት
ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ያንኳኳው ለካ ባለሱቁ ሰይድ ነው። ዳቦ ልገዛ ሳልመጣ ስቀርበት ጊዜ ሰግቶ ነው። "ጋሼ ታደሰ፣ ቤትዎ እኮ የባንክ ካዝና ሆነ!" ብሎ ሳቀብኝ። ትርፍ ቁልፍ ይስጡኝ፣ መቀርቀሪያውንም ይተዉት አለ። ተቆጣሁ። ቁልፍ ለጎረቤት ይሰጣል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 9
ስለ ፊልሙ ልጻፍልህ። በንጉሡ ጊዜ፣ ከሟች ባለቤቴ ከየሺ ጋር፣ ሲኒማ ቤት። ጥቁርና ነጭ። ሴትዮዋ ቤት ውስጥ ብቻዋን። ውጭ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ በሩን ይደበድባል። እንግሊዝኛውን የሚሰማ ከመካከላችን የለም። አዳራሹ በሙሉ "አትክፈቺ! አትክፈቺ!" እያለ ጮኸ። የሺ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሴትዮዋ አልከፈተችም። የቤቷ መብራት ጠፋ። ጩኸት። መብራት ሲመጣ ሴትዮዋ ሞታለች፣ በሩ ተሰብሯል፣ ሰውዬው አጠገቧ ቆሟል።

በሳምንቱ መቀርቀሪያውን አሠራሁ። ይኸው እስከ ዛሬ።

እሑድ፣ ኅዳር 13፣ ምሽት 1 ሰዓት
ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ሰናይት ቤት ዋልኩ። እንዳላነክስ ጥርሴን ነክሼ። ያ ፊልም እንደገና በቀለም ተሠርቷል ብላ የቪዲዮ ካሴት ተከራይታለች። ሳሎኑን የሰፈር ወጣት ሞላው። ማንኳኳቱ ጀመረ። አትክፈቺ ልል አፌን ስከፍት፣ ልጆቹ ሁሉ "ክፈቺው! አንቺ ጅል፣ ክፈቺው እንጂ!"

ምን ማለታቸው ነው? ሰናይትን ጠየቅኳት። "አባዬ፣ ገዳዩ እኮ ከመጀመሪያውም ጓዳዋ ውስጥ ነው። የሚያንኳኳው ጎረቤቷ ነው፣ ሊያድናት።"

አሮጌውን ፊልም ያየ አንድ ጎረምሳ፣ ያኛው ይበልጥ ያስፈራል፣ ደም ስለማያሳይ አለ። ታሪኩ ይለያያል ወይ አልኩት። አንድ ነው ጋሼ፣ ቀለሙ ነው እንጂ።

ያን ሁሉ ሰው ሆነን፣ አትክፈቺ እያልን አስገደልናት።

ሰኞ፣ ኅዳር 14፣ ጠዋት 4 ሰዓት
መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ይዤ ገባሁ። ሲሚንቶው ላይ ራሴን አየሁት። ተጋድሜ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ሰይድ እያንኳኳ። ድሮ ኮቴ ነበር የምፈራው። አሁን ዝምታው። ጓዳው። ገላዬ ራሱ።

የሺ ብትኖር ትስቅብኝ ነበር። ወይ ታለቅስ።

መቀርቀሪያውን ነቀልኩት። አራት ብሎን። ይኸው ካንተ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቁልፉን ለሰይድ እሰጠዋለሁ። ስለ መውደቄ ግን ትንፍሽ አልልም፤ ዳቦ እንድታስገባልኝ ነው እለዋለሁ።

ዛሬ ዳቦ ሳልገዛ ቀረሁ። ሆን ብዬ ነው፣ ሰይድ መምጣቱን ላይ።

ኮቴ ሰማሁ። ከደጅ ቆመ። አንኳኳ። ማነው አልልም። "ግባ፣ በሩ ክፍት ነው!" አልኩት።